ነጻ ክላውድ ሰርቨር ላይ የገበያ ዋጋ ቦት ላስነሳ ነው፤ የቱ ያዛልቃል?

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ወገን። የገበያ ዋጋ የሚናገር የቴሌግራም ቦት በፓይተን ሠርቻለሁ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ በግ። ዋጋውን የሚልኩልኝ አረርቲ፣ ደነባ፣ መሐል ሜዳ እና እዚሁ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚውሉ ልጆች ናቸው። አንድ ሰው «ጤፍ አረርቲ» ብሎ ሲጽፍ የሳምንቱን ዋጋ ይመልስለታል። በግ ከሆነ ፎቶም ይልካል፤ መቼም በግ ሳይታይ አይገዛም።

ለጊዜው የሚሠራው እኔው ላፕቶፕ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ነጻ ክላውድ ሰርቨር (በኢንተርኔት የምትጠቀምበት፣ ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር) ልይዝ ነው። ኦራክል፣ ጉግል፣ አማዞን፣ አዙር፣ ሁሉም ነጻ አለን ይላሉ። ባጀቴ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ስል ዜሮ። ተጠቃሚው ጥቂት መቶ ሰው ነው። ወደፊት ትንሽ ዌብሳይትም ልጨምርበት አስባለሁ። የቱን ልያዝ?

ሮቢት_ሙቀት (ሸዋ ሮቢት)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:18

አንተ ምን አለብህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰርቨር ማቀዝቀዣ አይፈልግም። እኛ ጋ ላፕቶፕ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። ለቁም ነገሩ ግን መልሱን እኔም እፈልገዋለሁ፣ እከታተላለሁ።

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ነጻ የሚል ስታይ መጀመሪያ «እስከ መቼ?» ብለህ ጠይቅ። ብዙው ሰው የሚጠይቀው ስንት ራም እንዳለው ነው። የሚያስቸግረው ግን ራሙ አይደለም።

አማዞን ድሮ ለአንድ ዓመት በወር 750 ሰዓት ትንሽ ማሽን ይሰጥ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያሉት የቆዩ ቪዲዮዎች የሚያሳዩህ ያንን ነው። በፈረንጅ ከጁላይ 15, 2025 ወዲህ ለተመዘገበ ሰው ነገሩ ተለውጧል። ስትመዘገብ 100 ዶላር ክሬዲት ይሰጥሃል፤ የተወሰኑ አገልግሎቶችን ስትሞክር ደግሞ እስከ 100 ዶላር ይጨመርልሃል። ነጻው ፕላን 6 ወር ሲሞላው ወይም ክሬዲቱ ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በቀደመው ያበቃል። አዙር ደግሞ 200 ዶላር ለ30 ቀን፣ ትንሽ ማሽን ደግሞ በወር 750 ሰዓት ለ12 ወር። 750 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። 31 ቀን ያለው ወር 744 ሰዓት ነው። አንድ ማሽን ወሩን ሙሉ ያሠራል፣ አለቀ። ሁለት ካስነሳህ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ቀሪው ከካርድህ ይቆረጣል።

የጊዜ ገደብ የሌላቸው ጉግልና ኦራክል ናቸው። ጉግል አንድ «ኢ2-ማይክሮ» ይሰጣል፤ 1 ጊጋ ራም፣ 30 ጊጋ ዲስክ። ያውም ኦሪገን፣ አዮዋ ወይም ሳውዝ ካሮላይና ላይ ካስነሳኸው ብቻ። ሌላ ቦታ ከመረጥክ ያስከፍላል። ዲስኩ ላይም ዓይንህን ክፈት። ነጻው «ስታንዳርድ» የሚባለው ነው፤ ገጹ ግን «ባላንስድ» የሚለውን ራሱ መርጦ ሊጠብቅህ ይችላል። ሳታየው ካለፍክ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥርብሃል።

ኦራክል በወረቀት ላይ የሚስተካከለው የለም። 1 ጊጋ ራም ያላቸው ሁለት የኤኤምዲ ማሽኖች፣ በዚያ ላይ የአርም ማሽን (ኤኤምዲና አርም የፕሮሰሰር ዓይነት ናቸው) እስከ 4 ኮርና 24 ጊጋ ራም፣ 200 ጊጋ ዲስክ፣ በወር 10 ቴራ ከሰርቨሩ የሚወጣ ዳታ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ድርጅቶቹ ቁጥሩን በፈለጉ ጊዜ ይቀይሩታል፣ ከመመዝገብህ በፊት ገጻቸውን እይ። ጣጣው የሚመጣው አርሙን ልታስነሳ ስትል ነው። «አውት ኦፍ ሆስት ካፓሲቲ» ይልሃል። ቦታ የለም ማለት ነው። ከፋዩ ይቀድማል፣ አንተ የተረፈውን ትጠብቃለህ። ስትመዘገብ የምትመርጠው «ሆም ሪጅን» (ማሽንህ የሚቀመጥበት አካባቢ) ደግሞ በኋላ አይቀየርም። ነጻው ማሽን የሚነሳውም እዚያው ብቻ ነው። ያቺን አንዷን ሳጥን አስበህ ሙላ። ጆሃንስበርግ አለ፤ ግን አፍሪካ ስለሆነ ብቻ ቅርብ ነው ብለህ እንዳትቸኩል። የእኛ መስመር ወደዚያ ሲሄድ በአውሮፓ በኩል ሊዞር ይችላል። ከቤትህ ትሬስራውት (ዳታው በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ትእዛዝ) አድርገህ ተመልከት።

ተማሪ_ነኝ_ገና (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:21

ጋሼ ኬብል፣ ኢ2-ማይክሮ 2 ቪሲፒዩ አለው ይላል እኮ። 2 ኮር ለአንድ ቦት መች አነሰ?

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:34

ጋሼ አትበለኝ፣ ገና ነኝ። 2 ይላል፣ ግን በቋሚነት የምታገኘው ከእያንዳንዱ 12.5 በመቶ ነው። ሲደመር የአንድ ኮር ሩብ። ከዚያ በላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቅድልህ። ልክ እንደ ሮቶ ነው። ውሃው ቀጭን ሆኖ ሌሊቱን ሲሞላ ያድራል፣ ጠዋት ቧንቧውን ሁሉ ከፍተህ ልብስ ታጥባለህ። ሮቶው ሲያልቅ ያቺ ቀጭኗ ብቻ ትቀርሃለች።

ለቦት ይህ ምንም አይደለም። የሚታይህ ሲስተሙን ስታዘምን ወይም የሆነ ፓኬጅ ኮምፓይል ስታደርግ ነው፤ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። አማዞን ላይ «ቲ3» የሚባሉት ማሽኖች ደግሞ «አንሊሚትድ» የሚለው በርቶባቸው ነው የሚመጡት። ማሽኑ ያጠራቀመው የሲፒዩ ክሬዲት (ያ የሮቶው ውሃ) ሲያልቅበት መቀዝቀዙ ቀርቶ ማስከፈል ይጀምራል። አጥፋው።

ሂሳብ_ሠሪዋ (እነዋሪ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ወንድሜ ብርዱ፣ ሁሉም ስለ ማሽኑ ያወራል፣ ስለ በጎቹ ፎቶ ግን ማንም አልጠየቀህም። ጉግል በወር በነጻ የሚሰጠው ወጪ ዳታ 1 ጊጋ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የሚወጣው ነው። እስቲ እናስላው።

አንድ የስልክ ፎቶ 2 ሜጋ ብንል፣ 500 ጊዜ ስትልክ 1 ጊጋህ ሞላ። ጥቂት መቶ ሰው አለኝ ብለሃል። ለፋሲካ ዋዜማ ሁሉም በግ በግ ሲል በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው በጊጋ 12 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ዜሮ ስል ዜሮ ብለሃል።

ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሌላ ነው። አንዱ መልስ ከነጓዙ 5 ኪሎባይት ቢሆን፣ 1 ጊጋ 200,000 መልስ ይችላል። ቦቱ «አዲስ መልእክት አለ ወይ?» እያለ ቴሌግራምን የሚጠይቅበትም ይቆጠራል። በየ10 ሰከንዱ ከጠየቀ በ30 ቀን 259,200 ጊዜ ነው። አንዱ ጥያቄ 1 ኪሎባይት ቢሆን 259 ሜጋ፣ ያውም አንድ ሰው እንኳ ሳያናግረው። የመጠበቂያ ጊዜውን 50 ሰከንድ አድርገው፤ ወደ 52 ሜጋ ይወርዳል።

ፎቶውን ደግሞ እንዲህ አድርግ። ፎቶ አንዴ ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ «ፋይል አይዲ» የሚባል ረጅም ጽሑፍ ይሰጥሃል። እሱን ዳታቤዝህ ውስጥ አስቀምጥ። ሰው ሲጠይቅህ ፎቶውን ሳይሆን አይዲውን ትልካለህ። ፎቶውን ቴሌግራም ከራሱ ሰርቨር ያደርስልሃል። ልጆቹ ፎቶውን የሚልኩልህ በዚሁ ቦት በኩል ከሆነማ አንድም በግ በሰርቨርህ አያልፍም።

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:09

ኧረ በናትሽ! አሁን ከፎልደር እያነበበ ነው የሚልከው። ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ።

ሞላሌ_7 (ሞላሌ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

ይሄ ሁሉ አሪፍ ነው። ካርዱስ? የብር ኤቲኤም ካርዴን አስገብቼ አልቀበልም አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል?

አረርቲ_ኔት (አረርቲ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

የብር ካርድ ለአገር ውስጥ ነው፣ እዚያ አይሠራም። የሚፈልጉት በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው። የውጭ ምንዛሬ አካውንት ካለህ ባንክህን ዓለም አቀፍ ካርድ ጠይቅ። ኦራክል ቅድመ ክፍያና ቨርቹዋል ካርድ እንደማይቀበል በግልጽ ጽፎታል። ሌሎቹም ብዙ ጊዜ ፊት ይነሱታል። እንዲያው ካርድ ተገኘ ብንል ስምና አድራሻው ከምዝገባው ጋር መግጠም አለበት። አዲስ አበባ ብለህ ሞልተህ፣ ካርዱ የሌላ አገር ሆኖ፣ ቪፒኤን ከፍተህ ከገባህ ሲስተሙ አጭበርባሪ ነው ብሎ ይዘጋብሃል። ለምን ብለህ ብትጽፍም የሚመጣልህ መልስ አንድ ዓይነት ነው።

ዶላር_በእጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:31

ቨርቹዋል ካርድ የምትፈልጉ በውስጥ አናግሩኝ [ጽሑፉ በአስተባባሪ ተነሥቷል]

አስተባባሪ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:50

እዚህ ካርድ መሸጥም መግዛትም አይፈቀድም። የተከፈተ አካውንት የሚሸጥ ካለም ያው ነው። ክሩ ይቀጥል።

ተማሪ_ነኝ_ገና (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:12

ለተማሪዎች ልንገራችሁ። «አዙር ፎር ስቱደንትስ» የሚባል አለ፤ ካርድ አይጠይቅም። በትምህርት ተቋም ኢሜይል ተማሪነትህን ካረጋገጠ 100 ዶላር ለ12 ወር ይሰጣል። ክሬዲቱ ሲያልቅ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ዕዳ አይመጣም። ካርድ የለማ፣ ከየት ይቆርጡታል!

ሌላ ጥያቄ፣ «ሬንደር» የሚባለው ኮድህን ወስዶ የሚያስነሳልህ አገልግሎት ላይስ ቢያደርገው? ሰርቨር ማዋቀር ሁሉ አይፈልግም።

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

የአዙሩን ጥሩ አነሣኸው። ሬንደር ላይ ግን ነጻው ዌብ ሰርቪስ 15 ደቂቃ ማንም ካልጎበኘው ይተኛል። የብርዱ ቦት ደግሞ እሱ ነው ቴሌግራምን የሚጠይቀው፣ ወደ እሱ የሚመጣ ጎብኚ የለም። ስለዚህ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ ነው። ዌብሁክ ካደረገው፣ ማለትም ቴሌግራም ራሱ መልእክቱን እንዲያመጣለት ካደረገ፣ ጎብኚ ሲመጣ ይነቃል፤ የመጀመሪያው ሰው ግን እስኪነቃ መጠበቅ አለበት። ነጻው የፖስትግሬስ ዳታቤዛቸውም 30 ቀን ነው ዕድሜው። ድሮ ሁላችንም ሄሮኩ ላይ ነበርን፤ እነሱም ነጻውን በኖቬምበር 28, 2022 ዘጉት። ነጻ ነገር ላይ ስትሠራ ነገ ጠቅልለህ የምትወጣበትን መንገድ ዛሬ አዘጋጅ።

የጓሳ_ቀበሮ (መሐል ሜዳ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:45

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ የምትፈልጉት ነገር መሳቢያ ውስጥ አለ። አሮጌ ስልክ።

አንድሮይድ ስልክ ውሰድ፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም። «ተርሙክስ» የሚባለውን፣ ስልኩን እንደ ሊኑክስ የሚያሠራ አፕ ጫንበት፤ ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ከኤፍ-ድሮይድ (ሌላ የአፕ ማውረጃ) አውርደው። ፓይተን ይጫናል፣ ቦቱ ይነሣል። መብራት ሲሄድ ባትሪ አለው። ራውተሩ ሲጠፋ ሲም አለው። ካርድ የሚጠይቅህ የለም፣ ሪጅን የሚያስመርጥህ የለም። ቦቱ ራሱ እየጠየቀ ስለሚያነብ የሕዝብ አይፒ (ከውጭ የሚገኝበት የኢንተርኔት አድራሻ) አያስፈልገውም፣ ፖርት መክፈት የሚባል ነገር የለም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቴሌግራም ቦቱ ያላነሣቸውን መልእክቶች እስከ 24 ሰዓት ያቆይለታል። መብራት ለሦስት ሰዓት ቢሄድና ቦቱ ቢጠፋ የተጻፈለት አይጠፋም። ሲነሣ ሁሉንም ይመልሳል። ሰውዬው የጤፍ ዋጋ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢሰማ ምን ይሆናል?

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ አንድሮይድ ከጀርባ የሚሠራን ነገር አይወድም፤ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ይገድለዋል። ተርሙክስ ላይ «ዌክ ሎክ» (ስልኩ እንዳይተኛ የሚያደርገውን) ማብራት፣ ሴቲንግ ገብቶ ከባትሪ ቁጠባ ማውጣት ግድ ነው። አንዳንድ ስልኮች ይህም ሆኖ እምቢ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ የተሰካ አሮጌ ባትሪ ያብጣል። ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አታድርገው፤ አልፎ አልፎ ጀርባውን እየው።

በዚያ ላይ ሞባይል ዳታ ፓኬጅ ይፈልጋል። ፓኬጅ ደግሞ ብር ነው።

ሂሳብ_ሠሪዋ (እነዋሪ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:41

ፓኬጁንም እናስላው እንጂ። ፎቶውን በአይዲ ከላከና የመጠበቂያ ጊዜውን ካረዘመ ጥያቄው 52 ሜጋ ነው። በወር 5,000 መልስ ቢመልስ 25 ሜጋ። መምጫውንም ብትጨምሩበት በወር 200 ሜጋ የሚሞላ አይመስለኝም። ልጆቹ በአንድ ምሽት ቲክቶክ ላይ ከሚጨርሱት ያንሳል።

የጓሳ_ቀበሮ (መሐል ሜዳ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:44

አፌን ሞልቼ የምናገረው ለዚህ ነው፣ ተባረኪ።

ሮቢት_ሙቀት (ሸዋ ሮቢት)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:03

ኔት ጭራሽ ሲጠፋስ? አካባቢያችን ላይ ሞባይል ዳታ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን።

የጓሳ_ቀበሮ (መሐል ሜዳ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ያኔ ስልኩም ሞተ። አሜሪካ ያለው ሰርቨር ግን በሕይወት ይኖራል፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ያናግረዋል። እኛ ግን አናገኘውም፣ ዋጋ የሚልከውም ልጅ አይልክም። ስለዚህ የሞላው ነገር ያረጀ ዋጋ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ።

አረርቲ_ኔት (አረርቲ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ክላውዱን ከመረጠ ስለ ቢል አንድ ነገር ልናገር። አንድ የማውቀው ቢሮ፣ ድርጅቱን አልጠራም፣ ለሙከራ ማሽን አስነሥቶ ሥራው ሲያልቅ አጠፋው። ማሽኑ ጠፋ፣ ዲስኩ ግን ቀረ። የተያዘው ቋሚ አይፒም ቀረ። ማንም አላየውም። ወር በወር ትንሽ ትንሽ ሲቆረጥ ከርሞ የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት የደረሰችበት። ማሽን ስታጠፋ ዲስኩ አብሮ እንዲጠፋ ምልክት ማድረግ አለብህ፤ አይፒውን ለብቻ ልቀቀው።

«ባጀት አለርት» አድርጌያለሁ ብለህም አትተኛ። አለርት ኢሜይል ነው የሚልክልህ፣ ማሽኑን አያቆምልህም። ያውም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ሂሳብ_ሠሪዋ (እነዋሪ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:32

አይፒ ካነሣህ አይቀር፣ አማዞን ከፌብሩዋሪ 1, 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሕዝብ አይፒቪ4 በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም። ለ744 ሰዓት 3.72 ዶላር ማለት ነው። ክሬዲት ካለህ ከክሬዲቱ ይቀንሳል፣ ክሬዲቱ ሲያልቅ ከአንተ።

ሮቢት_ሙቀት (ሸዋ ሮቢት)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ኦራክል ማሽን ይወስዳል የሚባለውስ? አንድ ቻናል ላይ አይቼ ነው።

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

እውነት ነው፣ ራሳቸው ጽፈውታል። ሥራ የፈታ ነጻ ማሽን ሊያስቆሙ ይችላሉ። መለኪያቸው 7 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት 95 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሲፒዩው ከ20 በመቶ በታች ከዋለ፣ ኔትወርኩም ከ20 በመቶ በታች ከሆነ፣ አርም ላይ ደግሞ ራሙም ከ20 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሥራ ፈት ነው ይሉታል። የብርዱ ቦት ሲፒዩ 1 በመቶ እንኳ የሚነካ አይመስለኝም። በደንብ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም እዚያ ላይ ይቀጣል፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ማሽኑ ከቆመ በኋላ መልሰህ ማስነሳት ትችላለህ፣ ያን ጊዜ ቦታ ካለ። አካውንቱን «ፔይ አዝ ዩ ጎ» ካደረግከው አይነኩህም፣ በነጻው ገደብ ውስጥ እስከሆንክ ድረስም አትከፍልም። ግን ያን ጊዜ ከገደቡ ያለፈችው እያንዳንዷ ነገር ቀጥታ ወደ ካርድህ ናት።

ተማሪ_ነኝ_ገና (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:01

ሲፒዩውን ዝም ብሎ የሚያሽከረክር ስክሪፕት ማስገባት ነዋ። ነቄ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሂሳብ_ሠሪዋ (እነዋሪ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:09

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 5 በመቶው 8 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ በየሳምንቱ ከ20 በመቶ በላይ ማንደድ አለብህ ማለት ነው፣ ለምንም። እኔ አልወደድኩትም።

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

እኔም። ሌላው ሰው «ቦታ የለም» እየተባለ አንተ ማሽኑን በባዶ ታሽከረክራለህ። ደግሞ ሕጋቸውን ሲያጠብቁ መጀመሪያ የሚያዩት እንዲህ ያለውን ነው። ብዙ አካውንት መክፈትም አታስብ፤ አንዱን ሲደርሱበት ሁሉንም ነው የሚዘጉት።

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ሁሉንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ወሰንኩ። ቦቱን የጉግሉ ማይክሮ ላይ አደርጋለሁ። ውጭ ያለችው አክስቴ በራሷ ስምና በራሷ ካርድ አካውንት ከፈተች፤ እኔን እንደ ተጠቃሚ አስገባችኝ። ዌብሳይቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የጓሳ ቀበሮ ያለውን ስልክ ደግሞ ለመጠባበቂያ አዘጋጃለሁ።

ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። 1 ጊጋ ራም ይበቃዋል?

ኬብል_አሳሪ (ጫጫ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:12

ሊበቃው ይችላል፣ ግን ለምን? አንድ ቦት ብቻ የሚጽፍበት ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃሃል፤ አንድ ፋይል ነው፣ ራም አይበላም። 1 ጊጋ ላይ ማይኤስኪውኤል ጭነህ ሌላ ነገር ስትጨምርበት ራሙ ይሞላና ሊኑክስ ከሁሉ ትልቁን መርጦ ይገድላል። የሚገድለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙን ነው። ለማንኛውም 2 ጊጋ ስዋፕ ፋይል (ራሙ ሲሞላ ዲስኩ ላይ የሚያግዘው) ሥራ፣ ማሽኑ ተነሥቶ ሲመጣ እንዲበራም ኤፍኤስታብ (ሲነሣ የሚያነበው ፋይል) ላይ ጻፈው።

ሌላው በአጭሩ። በፓስወርድ መግባትን ዝጋ፣ በቁልፍ ብቻ ግባ፤ ማሽኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ከዓለም ዙሪያ በሩን የሚያንኳኩ ሮቦቶች ሎጉ ላይ ታያለህ። ኢሜይል ከዚያ ልላክ ብለህ አትድከም፣ ፖርት 25 (የኢሜይል መላኪያው በር) ዝግ ነው። ወደፊት ኦራክል ላይ ዌብሳይት ካስነሳህና ፖርት 80 ከፍተህ እምቢ ካለህ፣ ሁለት ቦታ መከፈት እንዳለበት አስታውስ፤ አንዱ የክላውዱ ገጽ ላይ ያለው ሴኩሪቲ ሊስት፣ ሁለተኛው ኡቡንቱው ውስጥ ያለው ፋየርዎል፣ አይፒቴብልስ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ባክአፕ ደግሞ ከዚያው ከቦቱ ጋር አገናኘው። ቦት እስከ 50 ሜጋ የሚደርስ ፋይል መላክ ይችላል። በየሌሊቱ ኤስኪውላይቱን ወደ አንድ የግል ቻናል ይላክልህ። አካውንቱ በድንገት ቢዘጋ ፋይሉን አውርደህ ስልኩ ላይ ታስነሳዋለህ።

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:05

ተነሥቷል! ግን አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ሎጉ ላይ «409 ኮንፍሊክት» ይላል። ራሙ ነው እንዴ? ሰርቨሩ አሜሪካ ስለሆነም ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨሩን የማዝበት) ላይ ስጽፍ ፊደሉ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

የጓሳ_ቀበሮ (መሐል ሜዳ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:11

ላፕቶፑ ላይ ያለው አሁንም እየሠራ ነው። ሁለቱ በአንድ ቶከን (የቦቱ ሚስጥር ቁልፍ) እየተሻሙ ነው። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። የላፕቶፑን ዝጋ። ስልኩንም ለመጠባበቂያ ስታደርገው አዘጋጅተህ ተወው እንጂ አታስነሳው።

የፊደሉ መዘግየት ርቀቱ ነው፣ ምንም አታደርገውም። ኮዱን ቤትህ ጽፈህ ፋይሉን ላክ፤ እዚያ ላይ ተቀምጠህ አትጻፍ። ቦቱን የሚጠቀም ሰው ግማሽ ሰከንድ አያስተውልም።

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:19

ዘጋሁት፣ ሠራ! የመጨረሻ ጥያቄ። በገበያ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለሁሉም ዋጋ እንዲልክ ክሮን (ሥራን በሰዓት የሚያስነሳው) ላይ 7 ብዬ ጻፍኩ። ለሙከራ ዛሬ የላከው ግን 4 ሰዓት ላይ ነው።

ሂሳብ_ሠሪዋ (እነዋሪ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:26

ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት በፈረንጅ 7፣ በዩቲሲ 4 ነው። 4 ብለህ ጻፍ። የሌሊቱን ባክአፕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከፈለግከው 21 ነው የምትጽፈው። ቀኑን ለይተህ የምታዝ ከሆነ ደግሞ ልብ በል፣ በዩቲሲ 21 ሰዓት ሲሆን ሰርቨሩ ገና ያለፈው ቀን ላይ ነው፤ የቅዳሜ ሌሊት ያልከው አንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል።

ሞላሌ_7 (ሞላሌ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:40

ሞላሌን ትጨምርልናለህ? በግና ገብስ ብቻ እንኳ።

ብርዱ_ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:44

ዋጋ የሚልክልኝ ሰው ካገኘህልኝ ነገ ይገባል። ፎቶውን በቦቱ በኩል ይላክልኝ፣ በኢሜይል አይደለም።